ቢሂ ቱብቃል ላይ ያላየው ደመና

ከቱብቃል ተራራ ሥር ያለችው የአሩምድ መንደር ሰዎች «ቢሂ ኮራ» ማለት የጀመሩት በረዶው ከመንደሩ ጣሪያ ላይ ቀልጦ ሳያልቅ ነው። ድሮ ገና ከሩቅ ሰው ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የበቅሎውን፣ የልጁን፣ የአማቱን ጤና በየተራ ሳይጠይቅ የማያልፍ ሰው፣ አሁን በዚያች ጠባብ የድንጋይ መንገድ ትከሻ ለትከሻ ተላልፎ ዝም ይላል። «ተራራ ላይ ሲውል ከእኛ በላይ የሆነ መስሎታል» አሉ ሽማግሌዎቹ። ሴቶቹም ለሚስቱ ለቱዳ ምንጭ ላይ ነገሯት። ቱዳ ግን ማሰሮዋን ሞልታ ምንም ሳትመልስ ሄደች።

እውነቱ ሌላ ነበር። ቢሂ የሰው ፊት ላይ ዓይኑን ሲጥል ፊቱ ይጠፋበታል። ዳር ዳሩ ይታየዋል፤ ጥምጣሙ፣ ትከሻው፣ የበቅሎዋ ጆሮ ሁሉ አለ። መሐሉ ላይ ግን መስታወት ላይ በአውራ ጣት እንደተለቀለቀ ጥቀርሻ ያለ ነገር ተቀምጧል። መጀመሪያ በግራው ነበር፤ ኋላ ቀኙም ተከተለ። ለቱዳ «የበቅሎ ኮቴ ብረት ልገዛ ነው» ብሎ ማራኬሽ ወርዶ ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በመብራት ዓይኑን ስታየው ቆየችና፣

«ጨርሶ አይጨልምብህም» አለችው። «ግን መሐሉ አይመለስም። እየሰፋም ይሄዳል። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ገበሬ ነኝ» አላት።

አልዋሸም፤ ከወንዙ ዳር ጥቂት የፖም ዛፎች አሉት። ዛፎቹን የምትንከባከባቸው ግን ቱዳ ናት። እሱ ጢሙ ገና ሳይወጣ ጀምሮ ኑሮው ተራራው ላይ ነው። መጀመሪያ የአባቱን በቅሎ እየነዳ፣ ኋላም መንገድ መሪ ሆኖ፣ ቱብቃል ጫፍ ያላደረሰው ሕዝብ የለም። በጉም የተያዙ ሰዎችን በእግሩ መዳፍ እየዳበሰ አውርዷል፤ አንድም ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ተራራ ወጪዎች በሚያድሩበት መጠለያ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ሌሎቹ መሪዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ አግብተው ርቀው ሄደዋል፤ ወንድ ልጅ የለውም። ያለው ይኸው ስም ነው።

ስለዚህ ደበቀው። «እግሬ ያውቀዋል፤ ተራራ ላይ ዓይን ምን ያደርጋል» ብሎ ለራሱ ነገረው። ዘዴም አበጀ። እንግዳ ሲመጣ ቀይ ጨርቅ ቦርሳው ላይ ያስርለትና «ለበረከት ነው» ይለዋል፤ ዳር ዓይኑ ቀዩን እየተከተለ ይሄዳል። ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው መሙላቱን በድምፁ ያውቃል። ሰው ያለ ሰላምታ እንዳያልፈው ቀድሞ ያስላል፤ ድምፅ ከሰማ ስሙን ያውቀዋል፣ ዝም ካለው ያልፈዋል። አንድ ነገር ብቻ ሳያስበው ተወ። ድሮ ነገሩን ሲያጠነክር «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ መማል ይወድ ነበር። ያ መሐላ ከአፉ ጠፋ።

በጋውን ሙሉ እንዲህ ሠራ፤ ነገሩም ያዘለት። ስለያዘለት ደግሞ ልክ መስሎ ታየው።

ሰው በአክብሮት «ሲዲ» የሚላቸው መኪ የመጡት የፖም ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ እንግዳ ሲሳሳ ነው። ከሜዳው አገር፣ ከሲዲ ቃሲም ከተማ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። አጠር፣ ወፈር ያሉ፣ ከሰውም ከበቅሎም ጋር የሚያወሩ ሽማግሌ። ጓዛቸውን የሚጭነው የቱዳ ታናሽ ወንድም ዋሊ ነበር፤ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ፣ አፉ የማያርፍ፣ ከቢሂ ጋር ስንት ዓመት አብሮ የሠራ በቅሎ ነጂ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ስነዳ ኖርኩ» አሉት መኪ፣ ጫማቸውን እያጠበቁ። «ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። የአገሬን ጫፍ ሳላይ ብሞት መልአኩ ራሱ ይስቅብኛል።»

«መልአኩስ ይሁን ሲዲ መኪ» አለ ዋሊ፤ «ያንን ሆድዎን ማን ሊሸከምልዎ ነው?»

«በቅሎ አለችህ አይደል?»

«እሷም ጡረታ ጠይቃለች።»

መኪ እየሳቁ ወደ ቢሂ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። የተዘረጋው እጃቸው አየር ላይ ቆየ። ቢሂ ዳር ዓይኑ ላይ የእጅጌ እንቅስቃሴ እስኪደርሰው ዘግይቶ ጨበጣቸው። ቀዩን ጨርቅ ቦርሳቸው ላይ ሲያስርላቸውም ጣቶቹ ቋጠሮውን ሲፈልጉ ሽማግሌው ተመለከቱት።

ያን ቀን ወንዙን ተከትለው ወጡ። ነጭ የተቀባው ትልቅ ድንጋይ ያለበት የአንድ ወሊይ ቅዱስ ቦታ ላይ አርፈው ሻይ ጠጡ፤ ፀሐይ ከማዘንበሏ በፊት መጠለያው ደረሱ። የገብስ ሾርባ ቀረበላቸው። መኪ እግራቸውን ምድጃው ዘንድ ዘርግተው ስለ ሥራቸው ያወራሉ።

«እኛን በየዓመቱ ፊደል ያስነብቡን ነበር» አሉ። «ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ። የሳተ ሰው ቁልፉን አስረክቦ ቢሮ ይቀመጣል። እናንተስ ዳ ቢሂ? ማን ያስነብባችኋል?»

«እኛን የሚያስነብበን ተራራው ነው» አለ ቢሂ።

«ዳ ቢሂ ድሮም ፊደል አያውቅም» አለ ዋሊ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መኪም ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው ቶሎ አለቀ።

በማግስቱ ሌሎቹ ቡድኖች ገና ጎህ ሳይቀድ መብራታቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው ወጡ። ቢሂ «ብርዱ ይቀንስ» ብሎ ሰማዩ እስኪነጣ ቆየ። ሊወጡ ሲሉ ዋሊ በሩ ላይ ይዞት፣

«ነፋሱ ዞሯል» አለው። «ደቡቡ ደስ አላለኝም። ከበሩ በላይ ያለውን ሰማይ እስቲ እየው።»

በሩ የሚሉት ሁለቱ ተራሮች የሚለያዩበትን ቦታ ነው። ቢሂ ቀና አለ። ብርሃን አየ፤ በብርሃኑ መሐል ጥቀርሻው ነበር። ራሱን ዘንበል ቢያደርግ በዳር ዓይኑ የሆነ ነገር ሊይዝ ይችል ነበር፤ ዋሊ ፊቱ ቆሞ ስለሚያየው ግን አላዘነበለም።

«ደህና ነው» አለ።

«አንተ ካልክ» አለ ዋሊ፤ ወደ በቅሎዋ ተመለሰ።

አቀበቱ ልቅ ጠጠር ነው፤ ሁለት እርምጃ ወጥተው አንዱን ይመለሳሉ። መኪ እንደ አሮጌ ባቡር ያለከልካሉ፤ በየጥቂቱ ይቆማሉ። ቢሂ አላጣደፋቸውም። እግሩ ድንጋዩን ሁሉ ያውቃል፤ ልቡም ተረጋጋ። ጎህ ሳይቀድ የወጡት ሰዎች እየሮጡ ወርደው አለፏቸው። አንዱ መሪ ሲያልፍ «ፍጠን ቢሂ፣ እየመጣ ነው» አለው። ቢሂ ብርዱን ያለ መሰለው።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሌላ ሰው አልነበረም። ነፋሱ ብረቱን ያፏጨዋል፤ ሰዎች ተደግፈውት ፎቶ የሚነሱት ባለ ሦስት እግር ብረት ነው። መኪ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና፣

«እስቲ አገሩን ንገረኝ» አሉ።

ቢሂ የሚወደው ሰዓት ይኸ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ዘረጋ። «በዚህ በኩል ማራኬሽ ያለበት ሜዳ ነው። በዚህ ደግሞ የሲሩዋ ተራራ፣ ያ ሰፊ ጉብታ የሚመስለው። ከእሱ ወዲያ ያ ቡናማ መስመር በረሃው የሚጀምርበት ነው።»

መኪ የጣቱን አቅጣጫ አይተው ወደ ፊቱ ዞሩ።

«ታየዎት? ከጣቴ ጫፍ ትይዩ።»

«ቢሂ» አሉ ሽማግሌው። «ዳ» የምትለዋን አክብሮት ትተዋታል። «እዚያ ምንም የለም። ደመና ነው። ሰማዩም አገሩም ደመና ነው። እግራችን ሥር ደርሷል።»

ክንዱ እንደተዘረጋ ቀረ። ነፋሱ ውስጥ እርጥበት እንዳለ ያን ጊዜ ገና ፊቱ ላይ ተሰማው። እንዴት ቀድሞ አልተሰማውም? ተሰምቶት ይሆናል፤ አልሰማ ብሎ እንጂ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው በረዶ ወዲህ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

መኪ ብረቱን ለቀው ተቀመጡ። ድምፃቸው አልጮኸም። «እጄን ሳትጨብጥ የቆየህ ጊዜ ጠርጥሬ ነበር። ማታም ስለ ፊደሉ ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ራሴን ግን ‹ቱብቃልን የሚያህል ተራራ ላይ ይኸን የሚያደርግ ሰው የለም› አልኩት። አሁን እኔ በማን እጅ ነው ያለሁት?»

«በእኔ እጅ» አለ ቢሂ። «አወርድዎታለሁ። እግሬ ያውቀዋል።»

ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ወረዱ።

ደመናው ከጫፉ ብዙም ሳይርቁ ያዛቸው። መጀመሪያ ቀጭን በረዶ ነበር፤ ከዚያ ወፈረ፣ ጠጠሩን ሸፈነው፤ ድንጋይ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ቢሂ ዱላውን እየሰደደ ፊት ፊት ይሄዳል። እግሩ የሚያውቀው ድንጋይ አሁን ከበረዶ በታች ነው፤ መዳፉ የሚነካው ሁሉ ለስላሳና ዝም ያለ ሆነበት። ቁልቁለቱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረሱ። ግራው ወደ መጠለያው ይወርዳል፤ ቀኙ ገደል ነው። መለያው አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው፤ ቢሂ በዱላው ፈልጎ ድንጋዩን አገኘ፣ ስንጥቁንም ዳሰሰ፤ በየትኛው ጎኑ እንደቆመ ግን ተምታታበት።

«በዚህ በኩል» አለ፣ ወደ ቀኝ እያመለከተ።

«ቆይ» አሉ መኪ። «ወደ ግራ የእግር ዱካ ይታየኛል። በረዶ ሞልቶታል እንጂ የሰው ዱካ ነው።»

«የፍየል ነው። ፍየሎች እዚህ ይመጣሉ።»

«ፍየል ጫማ ያደርጋል?»

«ሲዲ መኪ፣ እኔ እዚህ ተራራ ላይ ነው ያረጀሁት።»

ሽማግሌው ተከተሉት። ምናልባት ብርዱ አደከማቸው፤ ምናልባትም የሰውዬው ድምፅ አሁንም እንደ መሪ ነበርና አመኑት። ወደ ቀኝ ሄዱ።

ብዙም አልዘለቁም። ቁልቁለቱ ከእግራቸው ሥር ከረረ። ቢሂ «ይቁሙ» ሊል አፉን ሲከፍት ከኋላው ድንጋይ ሲንከባለል ሰማ፤ የሆነ ከባድ ነገር ጎኑን ገፍቶት አለፈ። ከታች ጩኸት መጣ። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ።

«ሲዲ መኪ።»

በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ታች አጎነበሰ።

«ሲዲ መኪ፣ ድምፅዎን ያሰሙኝ።»

«አለሁ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ። «እግሬ የለም እንጂ እኔ አለሁ።»

ቢሂ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወረደ። ነጩ ሁሉ ውስጥ ቀዩን ጨርቅ በዳር ዓይኑ ያዘው። ሽማግሌው አንድ ድንጋይ ላይ ተደግፈው ወድቀዋል፤ ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በታች ወደማይዞርበት ዞሯል። ጥምጣሙን ፈትቶ እግራቸውን ከዱላው ጋር አሰረው፤ ካባውን አልብሷቸው ከኋላቸው ተቀመጠና በደረቱ አቀፋቸው። ሄዶ ሰው ሊጠራ ይገባው ነበር። ግን ወዴት? በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራው ላይ የት እንዳለ አላወቀም። ሽማግሌውን ይበልጥ አጥብቆ አቀፋቸው።

«ጩኽ» አሉት መኪ።

ጮኸ።

«ይኸ የበግ ነው። እንደ ባቡር ጩኽ።»

ሁለቱም ጮኹ። ይጮኻሉ፣ ያዳምጣሉ፤ በረዶው ድምፃቸውን ይበላዋል። መኪ ጥርሳቸው ሲፋጭ ይሰማዋል። «ጊታ ትገድለኛለች» አሉ በመሐል፤ ሚስታቸው ናት። ከዚያ በኋላ መናገር ተዉ። ቢሂ እንዳይተኙ እያነቃነቃቸው ብቻውን ይጮህ ነበር።

ያገኛቸው ዋሊ ነው። ጠዋት ልቡ ስላላረፈ፣ ሌሎቹ ወርደው እነሱ ሲቀሩ ከመጠለያው ጠባቂ ጋር ወጥቶ፣ የተሰነጠቀው ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ዱካቸው ወደ ቀኝ እንደዞረ አየ። ማመን አቅቶት ትንሽ ቆሞ ነበር፤ ጩኸቱን ሲሰማ ወረደ። ሽማግሌውን በየተራ አዝለው፣ ኋላም በቅሎ ላይ አስረው ሳይመሽ መጠለያው አደረሷቸው።

ሰው ሁሉ ከበባቸው። ብርድ ልብስ መጣ፣ ሻይ መጣ። «ምን ሆናችሁ?» አለ ጠባቂው።

መኪ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ገለጡና ወደ ቢሂ ተመለከቱ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ፎቶ ላንሳ ብዬ ከመንገድ ወጣሁ። ይኸ ሰው ተከትሎኝ ባይወርድ ሞቼ ነበር።»

«ዳ ቢሂ ነዋ» አለ ዋሊ፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ሻይ ሰጠው። ቢሂ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እንዲያውም ስሙ ከፍ ይል ነበር። ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

«ውሸት ነው» አለ በመጨረሻ። «ዓይኔ አያይም። ካለፈው በረዶ ወዲህ አያይም። ዱካውን አሳይተውኝ ነበር፤ አላመንኳቸውም።»

ዋሊ ከጎኑ ራቅ አለ።

«ጠዋት ሰማዩን እየው ስልህስ?» አለ ዋሊ።

«አላየሁትም።»

«‹ደህና ነው› ብለኸኛል እኮ።»

«ብያለሁ።»

ዋሊ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ በረዶው እስኪያልቅ ድረስ ቢሂን አላናገረውም። እህቱ ቤት የሚመጣው እሱ በሌለ ጊዜ ነበር።

ቢሂ ቤቱ ገብቶ ለቱዳ ሊነግራት ሲጀምር፣ ዱቄት ያለበት እጇን አነሳችና አስቆመችው።

«ሻይ ስትቀዳ ጆሮህን ወደ ብርጭቆው ማዘንበል ከጀመርክ ቆየህ» አለችው። «አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅህ ትምልልኝ ነበር» አለች። ፊቷን አላየም፤ ድምፅዋ ግን ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር። «ሰው ሲያማህ እየሰማሁ ዝም አልኩ። አሁን የእኔም ዝምታ አብሮህ ተራራ ወጥቷል።»

የመሪነት መታወቂያውን ለመሪዎቹ ማኅበር መለሰ። ወሬው በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ሲያልፈው «እኔ ነኝ ዳ ቢሂ፣ ኢደር ነኝ»፣ «እኔ ነኝ፣ ፋድማ ነኝ» እያለ ስሙን እየተናገረ፣ ድምፁን እያለሰለሰ ያልፍ ጀመር። ኮራ የተባለበት ጊዜ ናፈቀው።

ከመኪ ጋር በስልክ ይነጋገሩ ነበር። እግራቸው ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ብረት ገባበት። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱትም፤ ስለ ዝናቡና ስለ ሰፈራቸው ድመት ያወራሉ። ያ አለመውቀሳቸው ቢሂን እንቅልፍ ነሳው። ቅዝቃዜው ጋብ ሲል ቱዳን «ሄጄ ልጠይቃቸው» አላት። በሳር ውስጥ ከተቀመጡት ፖሞች ምርጦቹን ለቀመች፤ አንድ ማሰሮ የከረመ ቅቤ ጨመረች፤ አብራውም ሄደች። ባቡር ላይ ሁለቱም ተሳፍረው አያውቁም ነበር። መንገዱን ሙሉ ቢሂ የሚናገረውን በልቡ ሲያሰናዳ ዋለ።

ሲዲ ቃሲም ደርሰው በሩን የከፈተችላቸው በአክብሮት «ላላ» የምትባለው የመኪ ሚስት ጊታ ናት፤ ረጅም፣ ድምፅዋ የጠራ ሴት።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

አስገባቻቸው። መኪ ከፍራሹ ላይ ሆነው በደስታ ተጣሩ፤ እግራቸው ትራስ ላይ ነው፤ ምርኩዝ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሻይ ቀረበ። ጊታ ግን አልተቀመጠችም።

«ሊሄድ ሲነሳ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ልቡን አስመረመርኩት። ጫማውን አብሬው ገዛሁ። ለልቡ ነበር የፈራሁት። መሪውን ማስመርመር አላሰብኩም።»

«ጊታ፣ እንግዳ ነው» አሉ መኪ።

«እንግዳ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እንደማያዩ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወሰዱት?»

ባቡር ላይ ያሰናዳው ንግግር ሁሉ ጠፋው። «እሱን ካልሠራሁ ምን እንደምሆን አላወቅኩም» አለ።

«እሱስ ምን ይሁን?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ዕለቱ አርብ ነበርና እንደ አገሩ ልማድ ቅንጬ የሚመስለውን ኩስኩስ ሠርታለች። ትልቁን ሳህን ይዛ ተመልሳ መሐላቸው አስቀመጠች። «ማንኪያው በቀኝዎ ነው» አለችው። «ይፋጃል፣ ይጠንቀቁ።» ከዚያ ከቱዳ ጎን ተቀምጣ ከእሷ ጋር ብቻ ስለ ልጆች አወራች። መኪ ስለ ባቡር አወሩ፤ ቢሂ የሚበላው ጣዕሙ አልታወቀውም። ሊወጡ ሲነሱ መኪ አንገቱን አቅፈው ሳሙት። ጊታ እጇን አልሰጠችውም፤ ተመልሳችሁ ኑም አላለችም። በሩ ላይ ግን የቅቤውን ማሰሮ አጥባ፣ ወይራ ፍሬ ሞልታበት ለቱዳ ሰጠቻት።

ባቡሩ ውስጥ ማሰሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይዞ ሄደ። ሜዳው ካለፈ በኋላ፣

«ይቅር ብላኛለች ማለት ነው?» አላት ቱዳን።

ቱዳ በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከት ነበር። «ማሰሮ ባዶውን አይመለስም» አለች። «ሌላ ምንም አላለችም።»

ባቡሩ በታጠፈ ቁጥር ቢሂ ማሰሮው እንዳይወድቅ በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘው።